በሬ የበላው ዲግሪ

በጋዜጠኝነት የተመረቅኩ ቀን አባቴ አሞጽ የጋውኔን ጨርቅ በሁለት ጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይሄ ትምህርት ስንት ያወጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም። አባቴ ገረሴ ገበያ ላይ ያደገ ሰው ነው። በግ ሲያይ ስንት ያወጣል ይላል፤ የሰው አጥር ሲያይ ስንት ፈጀ ይላል፤ ሰርግ ቤት ገብቶ ከሙሽራዋ በፊት የድንኳኑን ኪራይ የሚገምት ሰው ነው። እኔም እየሳቅኩ «ቆይ፣ ታየዋለህ» አልኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያይ ይጠብቃል።

የመጠየቅ መብትም ነበረው። እኛ ጋ መስቀል ያለ በሬ አይወጣም። ሥራ የያዘ ልጅ ሁሉ ያዋጣል፣ በሬው ቀድሞ ተገዝቶ ጓሮ ይደልባል፣ በበዓሉ ቀን እያንዳንዱ ያዋጣው በስጋው ላይ ይታያል። እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ግን አባቴ ያደለበውን በሬ ገበያ አወጣና ሸጦ ላፕቶፕ ገዛልኝ፤ የቀረውንም ለዓመቱ ወጪዬ ሰጠኝ። ያን መስቀል ግቢያችን ጭር አለ። የበላነው ከእንሰታችን ማዶ ባለው ጎረቤታችን በጋሽ ሀብተወልድ ቤት ነው። ጋሽ ሀብተወልድና ሚስታቸው እትዬ ዘቢደር እንዳዋጣ ሰው ቆጥረው አበሉን፣ ማታም አንድ ሙሉ እግር በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ቤታችን ላኩ። ውለታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። አባቴ ግን በመስቀል ቀን የሰው ግቢ ውስጥ መቀመጥ እንዴት እንዳመመው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዲግሪዬ ቤታችን ውስጥ ስም ወጣለት። በሬ የበላው ዲግሪ ይባላል። በየመስቀሉ አባቴ ስጋውን ሲያከፋፍል ይህ የቴዎ እግር ነው ይላል፤ ቴዎ ወንድሜ ነው፣ አይሱዙ ይነዳል። ይህ የብሩክታዊት ጎድን ነው ይላል፤ ብሩክታዊት እህቴ ናት፣ ጫኖ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከዚያ በሬውን ከፊት እስከ ኋላ ያየውና «የኑሃሚን ዲግሪ ግን ጅራቱን እንኳ አልገዛም» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፤ ከዚያ ውኃ ላመጣ ነው ብዬ ከእንሰቱ ጀርባ ሄጄ አለቅሳለሁ።

ሌላም ማስረጃ ነበረው፤ ስኳር። እኔ ሳልወለድ ታች ከተማ የሚኖር አንድ የሲቀላ ነጋዴ በክረምት መንገድ ላይ ወባ ጥሎት አባቴ ቤት አድሮ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰውዬው በየመስቀሉ አንድ ጆንያ ስኳርና ለእናቴ ለሙሉዬ የቀሚስ ጨርቅ ይልካል። መኪናው ደጃችን ቆሞ ስኳሩ ሲራገፍ አባቴ እኛን ልጆቹን ሰብስቦ ያሳየናል። «አያችሁ መልካም ሥራ ስንት እንደሚያወጣ? እኔ ሰው አሳደርኩ፣ በየዓመቱ ስኳር ይመጣል። ዲግሪሽስ፣ ኑሃሚን?»

ነጋዴው ጋሽ ረሺድ ይባላሉ። ሲቀላ የጨርቅና የብርድ ልብስ ጅምላ ማከፋፈያ አላቸው። እኔም ሲቀላ ተከራይቼ ስለምኖር በሱቃቸው ደጅ በየቀኑ አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ገብቼ የማን ልጅ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። አባቴ ከልክሎኛል። ምስጋና ለመቀበል ደጅ አይጠናም፣ ውለታ አስታዋሽ እንዳንመስል ይላል። በዚህ በኩል አባቴን አላማውም።

የሥራዬ ነገር እንዲህ ነበር። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ በበጎ ፈቃድ ዜና አነባለሁ፤ በጎ ፈቃዱ የእኔ ነው፣ ደመወዙ የማንም አይደለም። አብሮኝ የተመረቀው ነህምያ መናኸሪያ በር ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል፤ ደንበኛ ሲጠራ «ሰበር ዜና!» ይላል፣ እንዲያውም ከሁላችንም የተሻለ ገቢ ያለው እሱ ነው። ሐምሌ ላይ አባቴ ደወለልኝ። በዚህ ጊዜ አልቀለደም። ሳውላ ያለው አጎቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እስከ መስቀል ዲግሪዬ አንድ ነገር ካላመጣ ወደ አጎቴ እንድሄድ፣ እሱም ስለ ዲግሪው ዳግመኛ እንደማያነሳ ተናገረ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

በዚያው ሰሞን ሲቀላ የምኖርበት ሰፈር ውስጥ አቶ ዘካሪያስ የሚባሉ ጎረቤት ዐረፉ። ጽሑፍ ተምረሻል ተብሎ የሕይወት ታሪካቸውን የመጻፉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። መቼም በለቅሶ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ የሁሉም ሰው አንድ ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ሰው አክባሪ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ተለዩን። ስሙን ብቻ ቀይሮ ለማንም ማንበብ ይቻላል። እኔ ግን እልህ ያዘኝና ሚስታቸውን፣ ሻይ የሚጠጡበትን ቤት ባለቤት፣ ጫኖ አብሯቸው ማንጎ የተከለውን ጓደኛቸውን ዞሬ ጠየቅኩ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ብስክሌት የለመደው በአቶ ዘካሪያስ ብስክሌት እንደሆነ፣ እሳቸውም ኮርቻውን ይዘው ከኋላ ይሮጡ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ሳነበው ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ከልቡ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ዋጋ አይጠየቅም፤ ሚስታቸው አንድ ዘለላ ሙዝ አስይዘው ሸኙኝ፣ እሱንም በደስታ ተቀበልኩ።

ለቀስተኛ መካከል ጋሽ ረሺድ ነበሩ። ያነበበችው ልጅ የማን ናት ብለው ጠየቁ። የገረሴው አሞጽ ልጅ ናት ሲባሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ አሉ። በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ ሰዓዳ ሰው ልከው አስጠሩኝ።

በጨርቅ ጥቅሎች መካከል አስቀመጡኝ። ጋሽ ረሺድ ጢማቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ እጃቸውን ጭናቸው ላይ የሚያሳርፉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ለሐጅ ተመዝግቤያለሁ» አሉኝ። «ሱቁን ለልጄ ለሙህሲን አስረክቤ ነው የምሄደው። ከመሄዴ በፊት የሰው ሐቅ አንገቴ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።»

ታሪኩን ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ ከነጋዴዎች በዱቤ የወሰዱትን ጨርቅ በበቅሎ ጭነው በክረምት ወደ ገረሴ ገበያ ወጡ። ዳገቱ ላይ ወባ አንቀጠቀጣቸው፣ በቅሎዋ ተንሸራተተች፣ ጭነቱ ገደል ገባ። እሳቸው ራሳቸውን ስተው መንገድ ዳር ወደቁ። የነቁት አባቴ ቤት ነው። ሲሻላቸው ባዶ እጃቸውን ወደ ሲቀላ ወረዱ፤ ከተማውን ጥለው ሊጠፉ አስበው እንደነበርም አልደበቁኝም። ዝናቡ ሲያባራ ግን አንድ ቀን ከውጭ ሲመለሱ ጭነቱ እንደታሰረ የተከራዩት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ጎረቤቶች ሰውዬው ከገረሴ ነኝ ብቻ ብሎ መሄዱን ነገሯቸው። አንድ ክንድ ጨርቅ አልጎደለም። ከአሞጽ በቀር ማን ሊሆን ይችላል? ቤቱ አሳደራቸው፣ ንብረታቸውንም አወጣላቸው፤ እንዲህ ነው የተረዱት።

«ይሄ ሱቅ በአባትሽ ትከሻ ላይ ነው የቆመው» አሉኝ። «ለአቶ ዘካሪያስ እንደጻፍሽው አድርገሽ ጻፊልኝ። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ይወቁት። እኔ ደግሞ ቆሜ ልስማው።» ቀብድ ሰጡኝ፤ ሌሎች ነጋዴዎችም የሱቃቸውን ታሪክ ማስጻፍ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ስወጣ መንገድ ላይ ለብቻዬ ሳቅኩ። ይህ ቀብድና ቀሪው ክፍያ የበሬ አንድ እግር ይገዛል። ደግሞ የጽሑፉ ጀግና አባቴ ነው! ዲግሪዬንና አባቴን ከዚህ የበለጠ ምን ሊያስታርቅልኝ ይችላል?

በማግስቱ ገረሴ ወጣሁ። አባቴ ዜናውን ሲሰማ ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። ስለዚያ ምሽት ሁሉንም ነገረኝ፤ እንግዳው እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ እናቴ ወተት በማንኪያ እንዴት እንዳጠጣችው፣ እሱ ራሱ ጋቢውን አውልቆ እንዴት እንዳለበሰው። ከዚያ ጭነቱን ከገደል እንዴት እንዳወጣው ጠየቅኩት።

«የምን ጭነት?» አለ።

ምናልባት ረስቶት ይሆናል ብዬ አስታወስኩት። ተቆጣ። የሰው ንብረት ቤቴ አስቀምጬ እረሳለሁ ወይ አለኝ። እናቴም ሰውዬው ከነትኩሳቱ እንጂ ሌላ ነገር ይዞ እንዳልመጣ መሰከረች። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። አስተማሪዎቻችንም በሌላ ቋንቋ ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ያን ክረምት የሚያስታውስ ሰው እንዳለ ልጠይቅ ብዬ እንሰቱን ተሻግሬ እትዬ ዘቢደር ጋ ሄድኩ።

ገና ጨርቅ ስል እትዬ ዘቢደር ሳቁ። «ያ አልጋዬን የነጠቀኝ ጨርቅ?» አሉ። እንግዳው ወደ ሲቀላ ከተመለሰ በኋላ ጋሽ ሀብተወልድ ከወንድማቸው ጋር ገደል ወርደው ጭነቱን በገመድ ጎትተው አወጡት። መሬቱ ርጥብ ስለነበር ጨርቁ እንዳይሻግት አልጋቸው ላይ አወጡትና እነሱ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ወለል ላይ የእንሰት ቅጠል አንጥፈው ተኙ። እትዬ ዘቢደር አዲስ ሙሽራ ነበሩ። «ሙሽራ ሆኜ አልጋዬ ላይ ጨርቅ ተኛበት» ብለው እንደገና ሳቁ። መንገዱ ሲደርቅ ጋሽ ሀብተወልድ በበቅሎ ጭነው ሲቀላ ወረዱ፣ ባለቤቱን አፈላልገው ቤቱን አገኙ፣ እሱን ግን አላገኙትም። ደጁ ላይ አስቀምጠው ለጎረቤት አደራ ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ረሺድ ስኳሩን አስይዘው የላኩት ሰው «ያን ክረምት እንግዳውን የተቀበለው ሰው» ብሎ ሲጠይቅ፣ ገበያው ሁሉ በአንድ አፍ ወደ አባቴ ቤት ጠቆመ። እንግዳ ማሳደር ይታያል፤ አልጋ ላይ የተቀመጠ ጨርቅ ማን ያያል?

ለምን አልተናገራችሁም ብዬ ጠየቅኳቸው። ለማን እንናገራለን፣ ባለቤቱ አገኘው አይደል አሉኝ። ስኳሩ በየዓመቱ ደጃችን ሲራገፍ አይተዋል። እንግዳ ያሳደረ ይመሰገናል ብለው እንጂ ክፉ አላሰቡም። እንዲያውም እናቴ እየቆነጠረች ስለምትልክላቸው እነሱም ሻይ ጠጥተውበታል። ጋሽ ሀብተወልድ መጥረቢያቸውን እየሳሉ ሲሰሙ ቆዩና ቀና አሉ። «ተዪው ልጄ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን ጨልሞብን አያውቅም» አሉ።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ያ የእንሰት ተርታ ነው፤ እዚያ መሃል ቆምኩ። ጋሽ ረሺድ እንደነገሩኝ ብጽፈው አባቴ ጀግና ይሆናል፣ ቀሪው ክፍያ ይመጣል፣ ሳውላ ይቀራል። መዋሸት እንኳ አያስፈልገኝም፣ ዝም ማለት ይበቃል። እትዬ ዘቢደር እንደነገሩኝ ብጽፈው አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲኮራበት የኖረው ስኳር የጎረቤቱ ሆኖ ይገኛል። ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ በሬውን ሸጦ ያስተማረኝ ደግሞ በእሱ ላይ እንድጽፍ አልነበረም። ፈራሁ፣ አፈርኩም። ቢሆንም ያ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የተላከልን እግር ከዓይኔ ሊጠፋ አልቻለም።

አባቴ ጓሮ የዘንድሮውን በሬ ሣር እያበላ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። የበሬውን አንገት ማሻሸቱን አላቋረጠም።

«በሬ ባልነበረን ዓመት እዚያ ቤት ስንበላ» አለ በመጨረሻ፣ «ሀብተወልድ ይሄን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ አባዬ።»

«ስኳሩ እኔ ደጅ ሲራገፍ እያየ?»

«እያየ።»

ሣሩን አስቀመጠ። «ትጽፊዋለሽ?»

«ይሄን ካልጻፍኩ የተማርኩት ምንም አያወጣም» አልኩት።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለና ዱላውን አንስቶ ወደ ማሳው ወጣ። ራት አብሮን አልበላም። በማግስቱ ተቆጥቶኝ ይሁን አዝኖ ሳላውቅ ወደ ሲቀላ ወረድኩ።

ለጋሽ ረሺድ ስነግራቸው ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ። እትዬ ሰዓዳ ውኃ አመጡላቸው። ቀብዱን መልሺ እስኪሉኝ እየጠበቅኩ ነበር። «ያ ረቢ» አሉ በመጨረሻ። «የአንዱን ሐቅ ለአንዱ ስከፍል ኖሬ፣ ንጹሕ ነኝ ብዬ ሐጅ ልሄድ ነበር። አላህ ይስጥሽ ልጄ።» ቀሪውን ክፍያ እዚያው ቆጥረው ሰጡኝ። በዚህ ዓመት ስኳር በመኪና እንደማይልኩና ራሳቸው እንደሚወጡ ነገሩኝ። የዚያን ቀን ከሱቁ ስወጣ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ስለ ገንዘቡ ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ ግን እውነት ነግሬያቸው ስላመሰገኑኝ ነበር።

ለመስቀል ወጣሁና ድርሻዬን ለአባቴ ሰጠሁት። ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። እንደ ወትሮው ስንት ነው እንኳ አላለኝም።

በበዓሉ ጠዋት ጋሽ ረሺድ፣ እትዬ ሰዓዳ፣ ሙህሲንና ትንሿ ልጁ ራኒያ በመኪና ደረሱ። እትዬ ዘቢደር እንግዶቹ በሃይማኖታቸው ራሳቸው እንዲያርዱት ሙክት በግ ለይተው አስረው ነበር። የሳውላው አጎቴም፣ አባቴ ቀርታለች ስላላለው፣ እኔን ይዞ ሊሄድ መጥቷል። ሁላችንም አባቴ ለማረድ እስኪዘጋጅ ስንጠብቅ፣ ቴዎን በሬውን ፍታ አለው። ገመዱን ተቀበለውና ወደ ማረጃው በመሄድ ፈንታ በእንሰቱ መካከል አድርጎ ወደ ጋሽ ሀብተወልድ ግቢ እየጎተተ ገባ። እኛም ተከተልነው። እዚያ የጋሽ ሀብተወልድ በሬ ታስሯል። የእኛን ከጎኑ አሰረው። ኮፍያውን አወለቀ።

«ሀብተወልድ» አለ፣ «የአንተን ስኳር ስልሰው ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ አላወቅኩም። ዛሬ ግን ዐውቄያለሁ። ይህ በሬ ያንተ ነው።»

ጋሽ ሀብተወልድ በሬውን ሳይሆን አባቴን አዩ። «አሞጽ፣ ሰውዬው አንተ ቤት ባይድን ኖሮ እኔ ጨርቁን ለማን እመልስ ነበር?» አሉት።

ጋሽ ረሺድ ይህን ሲሰሙ መካከላቸው ገብተው የሁለቱንም አንገት አቀፉ፤ ለረጅም ጊዜም አልለቀቋቸውም። እኔ የጻፍኩትን በጋሞኛ እያዞርኩ አነበብኩ፤ ስለ ወተቱም፣ ስለ ጋቢውም፣ ስለ አልጋውም። እትዬ ዘቢደር አልጋው ሲጠራ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ሀብተወልድ በሬውን አልቀበልም አላሉም፣ ለብቻቸውም አላስቀሩትም፤ ሁለቱም በሬዎች እዚያው ግቢ ታረዱ፣ ሁለቱ ቤት አንድ ላይ ተቀመጠ። የቡላው ገንፎ በቅቤ ርሶ መጣ፣ ራኒያ ከሙክቱ ጉበት ይዛ በልጆቹ መካከል ትሮጣለች።

አባቴ ቢላዋውን ይዞ ማከፋፈል ጀመረ። ይህ የቴዎ እግር ነው አለ። ይህ የብሩክታዊት ጎድን ነው አለ። ከዚያ በሬውን ከፊት እስከ ኋላ አየው። ሰው ሁሉ የጅራቱን ቀልድ እየጠበቀ ወደ እኔ ዞረ።

«የኑሃሚን ዲግሪ» አለ አባቴ፣ «አንድ በሬ በልቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛውን በላ።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። አጎቴ እየሳቀ፣ እንግዲያው ልጅቷን ይዤ ልሂድ፣ እንዲህ ከሆነ ያደኸይሃል አለው። አባቴ ግን አልሳቀም። ከሁለተኛው በሬ ትልቁን እግር ቆርጦ በእንሰት ቅጠል ላይ አድርጎ ፊቴ አስቀመጠ።

«የትም አትሄድም» አለው። «ነገ ገበያ ወጥቼ ለዲግሪዋ ሦስተኛውን ወይፈን እገዛለታለሁ።»

ልማድ ሆኖብኝ ውኃ ላመጣ ብዬ ከእንሰቱ ጀርባ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ከዚያ ተውኩትና እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ።